ባሕር ላይም ኬላ አለ

(ከጥምቀት ማግስት ጎንደር ውስጥ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል)

እንደምን ዋላችሁ። በዓሉ እንዴት አለፈ? ግማሾቻችሁ ድምፃችሁ ተዘግቷል፤ ከጥምቀተ ባሕሩ ስትመለሱ እንዴት እንደጨፈራችሁ ያስታውቃል።

የጋበዘኝ ወዳጄ «ስለ ባሕር ሕይወት አውራልን» ነው ያለኝ። ባሕር ሲባል ማዕበሉን፣ ዓሣ ነባሪውን፣ የጀንበር መጥለቂያውን ፎቶ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እሱን ዩቲዩብ ላይ እንደ ልብ ታገኙታላችሁ። እኔ የማወራችሁ ስለ ወረቀት ነው። በግል ጀልባ ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች ሲገናኙ ስለ ማዕበል ብዙ አያወሩም። ቢራቸውን ይዘው ከተቀመጡ ጨዋታው «እዚያኛው ወደብ ስንት ቀን አመላለሱህ?» ነው።

ለማታውቁኝ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የመርከብ ምህንድስና ተማርኩ፤ ጭነት መርከብ ላይ ሠራሁ፤ አሁን ደግሞ አንዲት የሸራ ጀልባ ላይ ነኝ። ያት የሚሏት ዓይነት፣ 14 ሜትር የምትረዝም። ባለቤቶቿ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ካፒቴን ነው። ሞተሩ የኔ ሥራ ነው። ቀስ በቀስ ወረቀቱም የኔ ሆነ። ካፒቴኑ ቢሮ ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ ደሙ ይፈላል። እኔ ደግሞ «ነገ ተመለስ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ወረቀት ነው፤ ክሊራንስ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሳችሁ ታውቁታላችሁ። ከላይብረሪው፣ ከዶርሙ፣ ከካፌው፣ ከስፖርት ክፍሉ ፊርማ ለቅማችሁ ካልመጣችሁ ዲግሪውን ማን ይሰጣችኋል? ወደብም እንደዚያው ነው። ከአንድ አገር ስትወጡ ጉምሩኩም፣ ኢሚግሬሽኑም፣ የወደቡ አዛዥም «ዕዳ የለበትም፣ ይሂድ» ብለው ይፈርማሉ። የሚቀጥለው አገር ሹም ደግሞ ገና ወንበር ሳትስቡ «ከየት ነው የመጣችሁት? መውጫችሁን አሳዩኝ» ይላል። ከሌላችሁ በሱ ዓይን አምልጣችሁ የመጣችሁ ናችሁ።

እና የመግቢያው ጣጣ ግማሹ የሚያልቀው ካለፈው አገር ስትወጡ ነው። ብዙ ባለ ጀልባ ይሄን አያስብም። መግቢያ ላይ ሲለማመጥ የሰነበተው ሰው መውጫ ላይ ይቸኩላል። ንፋሱ ጥሩ ነው፤ ዓርብ ማታ ነው፤ ቢሮው ተዘግቷል። «ማን ያየናል» ብሎ መልህቁን ያነሳል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ተጉዞ ሲደርስ ወረቀቱ የለም። ቅጣት ሊኖር ይችላል፤ «ተመለስ» የሚለውም አይጠፋም። ባሕር ላይ «ተመለስ» ማለት አዘዞ ደርሶ መምጣት አይምሰላችሁ።

ስትደርሱ የሚሆነውን ልንገራችሁ። የአንድ አገር የግዛት ባሕር ከዳርቻው 12 ኖቲካል ማይል ድረስ ነው፤ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ ወደቡ ስትጠጉ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላላችሁ። «ሁላችንም ጤነኞች ነን፤ የመግቢያ ፈቃድ እንጠይቃለን» እንደማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው ጀልባዋ ላይ ይቆያል። ካፒቴኑ ብቻ ይወርዳል፤ ወይም ሹሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ጉዳዩ ሲያልቅ ቢጫው ይወርድና በቦታው የአገሬው ባንዲራ ለአክብሮት ይሰቀላል። የጀልባ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የየአገሩን ባንዲራ ደርድረው ይሸጣሉ። የኛን ግን አንዱም ጋ አይቼ አላውቅም። ወደብ የለንም፤ ማን ይሰቅለዋል?

ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚመጣው የጤና ሹም ነው። የሚሰጣችሁ ቅጽ ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ) ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ጋር የወጣ ነው። የተሠራው ለትልቅ መርከብ ነው፤ ለእናንተም ያው ይሰጣችኋል። «በጉዞው ላይ በአደጋ ካልሆነ በቀር የሞተ ሰው አለ?» የለም። «የታመሙት መንገደኞች ቁጥር ከተለመደው በላይ ነው?» እኛ ሦስት ነን። «ተደብቆ የተሳፈረ ሰው ተገኝቷል?» አንዱ ሲያስነጥስ ሁለቱ «ይማርህ» በሚሉበት ጀልባ ውስጥ ሰው የት ይደበቃል! ይሄን ስታነቡ ቀልድ ቀልድ ይላችኋል። ተዉት። «ተደብቆ ከሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?» ብሎ የመለሰ ካፒቴን አውቃለሁ። ፍራሹ ሳይቀር ተገልብጦ ጀልባው ተፈተሸ።

ባዶ ቦታም አትተዉ። ጭነት? የለም። መንገደኛ? የለም። የጦር መሣሪያ? የለም። ሁሉም ጋ «የለም» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ያለፋችሁት መስመር ላይ ሹሙ እስክሪብቶውን አንዴ ካሳረፈ በቀላሉ አያነሳም።

ወደብ ላይ ማህተም ይወደዳል። ፊርማ ብቻ ስታሳዩ ፊታቸው አይፈታም። ስለዚህ ብዙ የግል ጀልባዎች የራሳቸውን ማህተም ያሠራሉ፤ የጀልባዋ ስም ዙሪያውን፣ የምዝገባ ቁጥሯ ከሥር፣ መሃል ላይ መልህቅ። የሚያስገድድ ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ሥራ ስለሚያፋጥን ነው። እኔም ለዕረፍት ስመጣ እዚሁ ፒያሳ ላስቀርጽ ሄድኩ። ቀራጩ «የድርጅቱን ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ልክ ነው፤ ማህተም እንዲሁ አይቀረጽም። ካፒቴኑ ጽፎ በቴሌግራም ላከልኝ። አሳትሜ ወሰድኩለት። ሰውዬው መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ይሄ እኮ ማህተም የለውም» አለኝ።

(ሳቅ)

በስንት ልመና የጀልባዋን የምዝገባ ሰነድና የኔን ፓስፖርት ኮፒ ተቀብሎ ቀረጸልኝ። ዛሬ ያቺ የፒያሳ ማህተም ስማቸውን በወጉ የማትጠሯቸው ደሴቶች ላይ ሳይቀር ቅጽ ላይ ጧ ትላለች። ሹሞቹም ደስ ይላቸዋል።

አገር ከአገር ግን ይለያያል። ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ላይ፣ የፈረንሳይ የሆኑ የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ሹም የሚባል አታዩም። አንድ ካፌ ወይም የጀልባ ዕቃ ሱቅ ጥግ ላይ ኮምፒውተር አለ። ራሳችሁ ትሞላላችሁ፤ ያትማል፤ ባለ ሱቁ ይመታበታል፤ አለቀ። ቱርክ ደግሞ ትራንዚት ሎግ የሚባል ሰነድ አላት፤ አገሩ ውስጥ ከወደብ ወደብ ስትዘዋወሩ አብሯችሁ ይዞራል።

አውሮፓ ላይ የሚያስቀው የጊዜው ነገር ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተመዘገበች፣ ባለቤቷም ከኅብረቱ ውጭ የሚኖር ጀልባ ያለ ቀረጥ 18 ወር መቆየት ትችላለች። ሰውየው ግን በሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ጀልባዋ ዘና ብላ ወደብ ላይ ትቀመጣለች፤ ባለቤቱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አሜሪካም አስገራሚ ነገር አላት። በአውሮፕላን ያለ ቪዛ የሚገቡ አውሮፓውያን በግል ጀልባ ከመጡ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። የኔ ባልና ሚስት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኤምባሲ ሊሰለፉ ሲሉ ተጨነቁ። ምን ዓይነት ፎቶ፣ ምን ዓይነት የባንክ ወረቀት፣ መስኮቱ ጋ ምን እንደሚባል ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፕሮፌሰር ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ ሰነዳችሁን አይተው ወደ ወጥ ቤታችሁ ነው የሚገቡት። ነፍሳትና የአረም ዘር እንዳይገባባቸው ይፈራሉ። የጀልባዋ ሆድ ራሱ ከሥር ንጹሕ መሆን አለበት፤ ባሕር ውስጥ የሚጣበቁ ፍጥረታት ይዛችሁ መምጣት የለባችሁም። ሳያስመዘግቡ የተያዙበት ምግብ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ያስቀጣል። እናቴ የቋጠረችልኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ማር። ሴትየዋ ጓንቷን አጠለቀች። በርበሬውን ከፍታ አሸተተችና ዕንባዋ መጣ። ሽሮውን «ምን ዓይነት ዱቄት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ነገርኳት፤ አለፈ። አዝሙዱ ላይ ቆመች። «ይሄ ቢዘራ ይበቅላል?» እውነቱን ነገርኳት፣ ይበቅላል። እሱና ማሩ ሄዱ። ማርማ እዚያ አገር ጨርሶ አይገባም። እናቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም፤ ከናንተ አንዳችሁ እንዳትነግሩብኝ።

ሌላም ሌላም አለ። ሞሮኮና ግብፅ ድሮን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሕንድ ላይ ያለ ፈቃድ የሳተላይት ስልክ ይዞ መገኘት ያሳስራል፤ ባሕር ላይ ግን ያ ስልክ ሕይወት አድን ነው። የመድኃኒት ሣጥናችሁ ውስጥ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ካለ የሐኪም ወረቀት ይኑረው። ደንቡን ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ፤ ሲገቡ ደግሞ ሳይጠየቁ ማሳወቅ ነው።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ ወደያዛችሁት ጥያቄ ልምጣ። ሻይ ቡና።

እዚህ ላይ ከናንተ ከጎንደሮች ታሪክ ልዋስ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1769 (እ.ኤ.አ) በመስከረም ወር ምጽዋ ደረሰ። ሐሳቡ ጎንደር መምጣት ነው። ደብዳቤ አልጎደለበትም፤ የትልልቅ ሰዎችን ደብዳቤ ይዟል። የምጽዋው ገዥ ናይብ ግን እጅ መንሻ ፈለገ። ብሩስ ሰጠ፤ አልበቃም። ተጨማሪ ተጠየቀ፤ ተከራከረ፤ ተዛተበት። እንዲህ ሲል ሁለት ወር ገደማ እዚያው ቆየ። እንደሱ አተራረክ ነገሩን የፈታው ከወዲህ በኩል የመጣ ደብዳቤ ነው። ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ስሑል የጉምሩክ ሹም የነበረ ጃኒ የሚባል ግሪክ ነበር። ብሩስ ለሱ አስቀድሞ ጽፎ ነበርና፣ «ሰውየው ይፈለጋል፣ ይለፍ» የሚል መልእክት የያዙ ሰዎች ናይቡ ዘንድ መጡ። በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ከዚያ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ቤት ፈንጣጣ የያዛቸውን ሲያክም ታገኙታላችሁ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ጃኒን ነው። ናይቡን ስጦታው አላጠገበውም፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ የሚጠብቅ፣ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ግን በሩን አስከፈተ። ዛሬም ከመድረሳችን ከቀናት በፊት ለወደቡ ኢሜይል እልካለሁ። የምዝገባ ሰነድ፣ የሠራተኞች ዝርዝር፣ ፓስፖርቶች፣ ካለፈው ወደብ የወሰድነው ክሊራንስ፣ ኢንሹራንስ። ብዙ ጊዜ መልስ አይመጣም። ስደርስ ግን «በዚህ ቀን ልኬ ነበር» ብዬ ስልኬን አሳያለሁ። ያ ኢሜይል የኔ ጃኒ ነው።

ገንዘቡስ? እኔ ከአንድ ቃል ሌላ ዘዴ የለኝም፤ «ደረሰኝ አለው?» በትህትና ነው የምላት፤ እየሳቅኩ። ሕጋዊ ክፍያ ከሆነ ደረሰኝ ይመጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም በበዓል ቀን ሹም ማስጠራት ብዙ አገር በሕግ ያስከፍላል። ቅዳሜ ማታ ደርሳችሁ «ጉቦ ጠየቁኝ» አትበሉ። ሕጋዊ ካልሆነ ደግሞ ደረሰኙ ይጠፋል፤ ሰውየው ጣሪያውን ያያል፤ እኔም ወንበሬ ላይ እደላደላለሁ። ሰው የሚከፍለው ስለሚቸኩል ነው። እኔ መጽሐፍ ይዤ ነው የምሄደው።

የግብፁን የሱዌዝ ቦይ ሳላነሳ ባልፍ ግን ዋሽቼ ነው። 193 ኪሎ ሜትር ነው። ትንሽ ጀልባም ብትሆኑ ጉዳይ አስፈጻሚ ኤጀንት መያዝ አለባችሁ፤ ጀልባዋ ትለካለች፤ ፓይለት የሚሉት መንገድ መሪ ይሳፈራል፤ አብዛኛው ትንሽ ጀልባ እስማኢሊያ ላይ አድሮ በሁለት ቀን ነው የሚያልፈው። መርከበኞች በቀልድ የማርልቦሮ ካናል ይሉታል። ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ካርቶን ሲጋራ ሳይዝ የሚገባ ካፒቴን ጥቂት ነው። ይሄን እንደ ጉቦ የሚቆጥርና እንደ ባህል የሚቆጥር ካፒቴን ሲከራከሩ ማምሸት ይችላሉ። እኔ ሲጋራ ሲሰጥ ዝም እላለሁ፤ ገንዘብ ሲጠየቅ ወደ ደረሰኜ እመለሳለሁ። ወጥ አቋም አይደለም፤ አውቃለሁ።

ለነገሩ ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ) ወዲህ የየመን ሁቲዎች በመርከቦች ላይ ጥቃት ከጀመሩ በኋላ በቀይ ባሕር መሄድ ራሱ ሌላ ጉዳይ ሆኗል። ብዙ የግል ጀልባዎች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱም ጀልባውን በጭነት መርከብ ላይ አስጭኖ ይልካል። ኢንሹራንሱም በቀላሉ አይሸፍንም። የኢንሹራንስ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ብዙ ማሪና፣ የጀልባ ማቆሚያው ማለት ነው፣ አያስገባም።

ስለ ቢሮ አገባብም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ካፒቴኖች በቁምጣና በነጠላ ጫማ ቢሮ ይገባሉ፤ ከባሕር ነው የመጣነው ብለው። ሹሙ ደንብ ልብሱን ተኩሶ ለብሷል። እናንተ የተጣጠፈ ሸሚዝ በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ለወደብ ብቻ። ፎቶ ኮፒ ከበቂ በላይ ያዙ፤ የኮፒ ማሽኑ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው። እስክሪብቶም የራሳችሁ ይሁን። ሰላምታችንን ደግሞ አትናቁት። ፈረንጁ ገብቶ «ክሊራንስ እፈልጋለሁ» ይላል። እኔ እንዴት ዋላችሁ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ዛሬ ሰው በዝቶባችኋል ብዬ ነው የምጀምር። አፍሪካም ይሁን ፓስፊክ፣ ከሰላምታ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ይቀላል።

በመጨረሻ ከተጠየቅኳቸው ሁለቱን ላስፍር።

አንድ አባት «ልጄ፣ እኛ ወደብ የለንም፤ ጀልባ ቢኖረን በባንዲራችን መሄድ እንችላለን?» አሉኝ። ይቻላል፣ አባ። ባሕር የሌለው አገር በባንዲራው መርከብ የማንቀሳቀስ መብት በ1921 (እ.ኤ.አ) ባርሴሎና ላይ ታውቋል። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም አንቀጽ 90 ላይ ያንኑ ይላል። የስዊዝ ያቶችን ወደብ ላይ አያለሁ፤ ከኋላቸው የተመዘገቡበት ወደብ ተብሎ ባዝል የሚል ተጽፎባቸዋል። ባዝል ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቀች ከተማ ናት። ሹሙ ባዝል የት እንዳለች ግድ የለውም፤ ሰነዱ ላይ ያለውና ጀልባዋ ላይ የተጻፈው አንድ መሆኑን ብቻ ያያል።

አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ደግሞ «እኔ ጀልባ ላይ ሥራ ባገኝ በምን ወረቀት ነው ከዚህ የምወጣው?» አለች። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከአየር ማረፊያው ነው። ጀልባ ልትቀላቀይ ስትሄጂ የምትይዢው መሄጃ ብቻ ትኬት ነው። ቆጣሪው ላይ ያለው ልጅ «መመለሻሽስ?» ይልሻል። ስለዚህ ከካፒቴኑ ደብዳቤ አስልኪ። የጀልባዋ ስም፣ ያለችበት ወደብ፣ አንቺ ሠራተኛ መሆንሽ ይጻፍበት። የጀልባዋ የምዝገባ ኮፒና ስምሽ ያለበት የሠራተኞች ዝርዝር አብሮ ይያያዝ። ቪዛ የሚጠየቅበት አገር ከሆነ ደብዳቤው ቪዛውን አይተካም። የመርከበኛ ደብተር ካለሽም ፓስፖርትሽን ቤት አትተዪው። ሥራውን ስትለቂ ደግሞ ስምሽ ከዝርዝሩ ላይ በኢሚግሬሽን ፊት እንዲሰረዝ አድርጊ፤ አለበለዚያ ጀልባዋ ስትወጣ «አንዷ የት ሄደች?» ይባላል፤ ካፒቴኑ ይያዛል፤ አንቺም ትፈለጊያለሽ። ፓስፖርትሽ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው፤ ባዶ ገጽ ይኑረው። የቢጫ ወባ ካርድሽንም አትርሺ። አገራችን ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ካፒቴኑን ሳይጠይቁ አንቺን ይጠይቁሻል። ከ2016 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ክትባቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አንዳንዱ ሹም ግን አሁንም አሥር ዓመት ይቆጥራል፤ አትከራከሪው፣ የዓለም ጤና ድርጅትን ገጽ አትመሽ ካርዱ ውስጥ አጥፈሽ ያዢ።